አራተኛው በር

ሩት ስትደውል ነዳጅ ማደያ ቆሜ ጎማዬን ንፋስ እያስሞላሁ ነበር። 2021 ከገባ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም። «መቅዲ፣ አባዬ... ሂ ፓስድ» አለችኝ። የንፋሱ ማሽን ይንጫጫል። ቆይታ «ሶሪ፣ በአማርኛ እንዴት ነው የሚባለው?» አለች። «አረፉ ነው የሚባለው» አልኳት። ይህን ካልኩ በኋላ እዚያው ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ።

ሩት የጋሽ ተስፉ አንድ ልጅ ናት። በሦስት ዓመቷ ነው አሜሪካ ይዘዋት የመጡት፤ አማርኛዋም ከሦስት ዓመቷ ብዙ አልራቀም። የደወለችው ለመርዶ ብቻ አልነበረም። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ደምሴ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጽፈው ልከውላታል፤ እሷ ግን ማንበብ ስለማትችል ሰው እንዲያይላት ፈልጋለች። «አንቺ አብረሽው ሠርተሻል፣ ዩ ኖው ዘ ሪል ስተፍ» አለችና በስልክ ላከችልኝ። ሁለተኛው መስመር ላይ «ከጀግናው አርበኛ አባታቸው ከአቶ ገብሩ» ይላል።

ላስ ቬጋስ ከመጣሁ ጀምሮ በሰማሁት የሕይወት ታሪክ ሁሉ፣ ሟቹ ሽማግሌ ከሆኑ አባታቸው አርበኛ ናቸው። ያ ሁሉ ሰው ዱር ከገባ ጣልያን አምስት ዓመት ሙሉ ከማን ጋር ተቀመጠ እላለሁ በሆዴ። ለቅሶ ላይ እንዲህ አይባልምና አፌን እይዛለሁ። ይሄኛው ግን በሆዴ ብቻ የማልፈው አልሆነም። ጋሽ ተስፉ በገዛ አፋቸው የነገሩኝ ሌላ ነበር።

እሳቸውን በደንብ ያወቅኳቸው በ2020 ጸደይ፣ ካዚኖዎቹ ሁሉ በወረርሽኙ የተዘጉ ጊዜ ነው። እኔ ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ ካዚኖ ውስጥ ሴኩሪቲ ነበርኩ። ከኛ ውስጥ ገሚሱ ሥራ አቆመ፣ ገሚሱ ፈርቶ ቤቱ ቀረ፤ ሱፐርቫይዘራችንም ከቀሩት አንዱ ነበር። ሰባ ሁለት ዓመታቸው የሆኑት ጋሽ ተስፉ «እኔ እመጣለሁ» አሉ፤ ሱፐርቫይዘርም እሳቸው ሆኑ። ሩት እንዳይሄዱ ለምናቸው ነበር። «ባዶ ቤት ምን ያደርገኛል? ሰው የለበትም እኮ» ብለዋት ወጡ።

እውነትም ሰው አልነበረበትም። ማሽኖቹ ጠፍተው፣ ወንበሮቹ ተደፍተው፣ ምንጣፉ ብቻ የድሮውን የሲጋራ ሽታ ይሰጣል። በካዚኖ ግድግዳ ላይ ሰዓት አይሰቀልም፤ በዚያ ቤት ሰዓት የሚቆጥሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በየአርባ ደቂቃው ከአንደኛው በር እስከ አራተኛው ይዞራሉ። እያንዳንዱን እጀታ በሁለት ጣታቸው ነካ ያደርጉና «በር አይዋሽም» ይላሉ። ማስክ ባደረጉ ቁጥር መነጽራቸው በትንፋሽ ስለሚጨልም በየቦታው ቆም ብለው በከረባታቸው ጫፍ ይጠርጉታል። ከረባት ማንም አላዘዛቸውም። ጎብኚ በሌለበት ቤት ከረባት ለማን ነው ብላቸው «ለመዝገቡ» አሉኝ።

እኔን ሙንታዝ መቅደስ ነበር የሚሉኝ። በጣልያን ጊዜ አሥር አለቃ ማለት ነው። ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር።

የተጣላነው በስኬጁል ነው። አሥራ አራት ሆነን ቀርተናል፤ አራታችን አበሾች ነን። በዚያ ጭንቅ ቀን እንኳ ከአስቴር ጋር ብመደብ እያወራን ሰዓቱ ይገፋልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አስቴር ካገር ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ጋሽ ተስፉ ግን እኔን ከአንዲት ሜክሲኳዊት ጋር፣ አስቴርን ሮሜል ከሚባል ፊሊፒናዊ ጋር ያደርጉናል። አንድ ሳምንት ቻልኩ፣ ሁለት ሳምንት ቻልኩ፣ በሦስተኛው ቢሯቸው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ አበሻ አይወዱም እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ስኬጁልዎ ነው ያለው። ሁለት አበሻ አንድ ሺፍት ላይ አግኝቼበት አላውቅም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሚ ሙንታዝ፣ ሁለት ያገር ሰው አንድ በር ላይ ከቆመ በሩ የነሱ ይሆናል። አንዱ ሌላውን ካላወቀው ግን ሁለቱም በሩን ያያሉ።»

«ይሄን ከየት አመጡት? ከካምፓኒው ነው?»

«ካባቴ ነው» አሉ። «አባቴ ዘብጥያ ነበር።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ለእኔ ትውልድ ዘብጥያ እስር ቤት ነው። ያኔ ግን ሰው ነበር፤ ካራቢኜሪ በሚባሉት የጣልያን ፖሊሶች ሥር መሣሪያ ታጥቆ የሚያገለግል ያገር ተወላጅ። ይህን ሲያስረዱኝ ያፍራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጋሽ ተስፉ እቴ! ስለ ሥራው ሲያወሩ ስለ ጥሩ ግንብ የሚያወራ ግንበኛ ይመስላሉ። በአንድ ጣቢያ አንድ ማሬሻሎ የሚባል ነጭ አለቃ፣ ከሱ በታች ሁለት ወይ ሦስት ነጭ፣ የቀረው ሁሉ የእኛው ሰው ነው። ጠዋት ገበያ ይጠብቃሉ፣ ፖስታ ያጅባሉ፣ እስረኛ ከወረዳ ወረዳ ያደርሳሉ፣ መሣሪያ ያስፈታሉ፣ ከመሸ የሚንቀሳቀሰውን ይይዛሉ። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚወጡት። ማንም በተወለደበት አገር አይመደብም። አባታቸው ከሐማሴን ተቀጥረው ወሎ ተላኩ፤ የወሎው ደግሞ ሐረር ይላካል። «የሚይዘውን ሰው እናት እንዳያውቃት ነው» አሉኝ። ያሉት እንደ ተራ ነገር ነበር።

እኔ ያደግኩበት ቤት ባንዳ ከሁሉ የከፋ ስድብ ነው። ስለዚህ ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ይሄ የሚያኮራ ነገር ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«አላኮራኝም። አሠራሩን ነው የነገርኩሽ።»

«ታዲያ ጠላት አገር የያዘበትን አሠራር እኛ ላይ ያመጡብናል?»

«ሌላ አሠራር ማን አስተማረኝ?» አሉ መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ። ከቢሯቸው ስወጣ የተናደድኩት በሳቸው ይሁን ባባታቸው አላውቅም ነበር። ለአስቴር ነገርኳት፤ መንገር አልነበረብኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አስቴር በሌሉበት «ባንዳው» ትላቸው ጀመር። እኔም ስቄያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገራችሁ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከጋሽ ተስፉ ጋር በኋላ በኩል ባለው ኮሪደር እንዞራለን። አራተኛው በር ዕቃ የሚራገፍበት ነው፤ አጠገቡ የሆቴሉ ስቶር አለ። የዚያን ቀን በሩ የአስቴርና የሮሜል ነበር፤ ሮሜል ምሳ ወጥቷል። ከመታጠፊያው ስንደርስ አስቴር ከስቶሩ ሁለት ካርቶን ታቅፋ ወጣች። በካርቶኖቹ ላይ የተጻፈው ከሩቅ ይነበባል፤ ማስክና ጓንት ነው። በዚያ ሰሞን በገንዘብም የማይገኝ ነገር ነበር። የአስቴር እህት ግሪን ቫሊ ያለ የአረጋውያን ቤት ነርስ ናት፤ የቆሻሻ ከረጢት ለብሳ እንደምትሠራ አስቴር እያለቀሰች ነግራኛለች። አስቴር ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ አላየችንም።

እኔ ክው አልኩ። ከሳምንት በፊት አንድ ልጅ ወንበር ላይ ስላንቀላፋ ብቻ ሪፖርት ጽፈው ወደ ቤቱ የላኩ ሰውዬ ናቸው። አስቴር አለቀላት፤ ሥራዋም የጥበቃ ፈቃዷም ይሄዳል፣ ምናልባትም ፖሊስ ይጠራባታል። ጋሽ ተስፉን አየኋቸው። ወደ ግድግዳው ዞረዋል። መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። አንዱን መስታወት ጠረጉ፣ ሌላውን ጠረጉ፣ ተመልሰው የመጀመሪያውን ጠረጉ። የአስቴር መኪና ተነሥቶ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አልዞሩም።

«ጋሼ፣ አላዩም?»

«ምኑን? መነጽሬን እየጠረግሁ ነበር።»

አራተኛው በር ድረስ ሄዱና እጀታውን በሁለት ጣታቸው ነኩ። ቢሮ ገብተው የዕለቱን መዝገብ ከፈቱ። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ሰዓቱን ጻፉ፣ የበሩን ቁጥር ጻፉ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ «አዲስ ነገር የለም» ብለው ጻፉ። እስክሪብቶውን አስቀምጠው እጃቸውን አገላብጠው ያዩት ጀመር፤ የሰው እጅ የሚያዩ ነበር የሚመስሉት።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚጻፈው?» አሉ። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት።

ስለ ደብተሩ ያኔ ነው የነገሩኝ። አባታቸው ቡሉክባሽ ገብሩ የሞቱት እሳቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያሉ ነው፤ ቡሉክባሽ ከሙንታዝ ከፍ ያለ ማዕረግ ነው። ከአባት የወረሱት አንድ ደብተር ነው፤ ዘብጥያዎቹ ከጥበቃ ሲመለሱ ያዩትን የሚያሰፍሩበት። ቀኑ፣ መንገዱ፣ የጓደኛው ስም፣ ከዚያ በጣልያንኛ «አዲስ ነገር የለም»። ገጹን ብትገልጪ እሱ ነው፣ ብትገልጪ እሱ ነው። ደሴ ሲያድጉ የሰፈር ልጆች የባንዳ ልጅ ይሏቸው ነበር። እናታቸው ግን «ያባትህ ደብተር አዲስ ነገር የለም የሚለው አይቶ እንዳላየ ያሳለፈውን ሰው ሁሉ ነው፤ አርበኛው በዚያ መንገድ ነበር የሚያልፈው» ብለው ነገሯቸው። ያንን ይዘው አደጉ። ትልቅ ሲሆኑ ግን ማመን አቃታቸው። አዲስ ነገር የለም ማለት እውነት አዲስ ነገር የለም ማለት ሊሆን ይችላላ! መንገዱ ባዶ ነበር ይሆናል። ወይም ደግሞ የያዟቸው ሰዎች በሌላ መዝገብ ተጽፈው ይሆናል።

«ስንቴ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ» አሉኝ። «ሰው አሳልፎ እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል ወይ የሚለውን ግን አላውቅም ነበር። ዛሬ አወቅሁ። ይቻላል።»

«ታዲያ አባትዎ አሳልፈዋላ!»

«የለም። ይቻላል ነው ያልኩሽ።»

በማግስቱ አዲስ ስኬጁል ወጣ። ጋሽ ተስፉ አስቴርን ከአራተኛው በር አንስተው ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ አቆሟት። በቬጋስ ፀሐይ አንድ ወር ሙሉ! ምሕረት ነው እንዳልል ቅጣት ነው፤ ቅጣት ነው እንዳልል አስቴር እስከ ዛሬ ደመወዟን እየበላች ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «በሩን ነው የጠበቅሁት» አሉኝ። አስቴር ምንም አታውቅም፤ ያለ ምክንያት የተበደለች መስሏት ስታማቸው ከረመች። እኔም አልነገርኳት። ብነግራት እሷ ሌባ እሳቸው ውሸታም ሊሆኑ ነው፤ ባልነግራት ደግሞ ደጉ ሰውዬ ባንዳ ሆነው ሊቀሩ ነው።

በጋ ላይ ካዚኖው ሲከፈት ባዶ ቤት ያሉት ቤት በሰው ተሞላ። ሩት እንዲያቆሙ እንደገና ለመነቻቸው። ጋሽ ተስፉ አሁንም በየአርባ ደቂቃው ይዞራሉ። ዲሴምበር ላይ አንድ ቀን መኪናዬ ድረስ ሸኙኝ፤ ሲያስሉ ሰማኋቸው። «ብናኝ ነው» አሉ። ከዚያ ያለ ወጉ «ሙንታዝ፣ እኔ ስሞት የአርበኛ ልጅ ብለው እንዳያነቡብኝ አደራ» አሉ። እሺ አልኩ። ገና መኪናዬን ሳላስነሳ ተመልሰው መስኮቱን አንኳኩ። «ሩት ግን እንዳታዝን» አሉኝ።

ሁለቱ አደራ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ሳይነግሩኝ ሄዱ።

ከመርዶው በሦስተኛው ቀን ዊንቸስተር ሰፈር ያለው ቤታቸው ሄድኩ። ሩት ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ፤ ሁለት ሜትር ተራርቀን፣ ማስክ አድርገን ነው የምናወራው። አቅፎ ማልቀስ እንኳ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። ደብተሩ ጭኗ ላይ ነው።

«መቅዲ፣ ስልኬ ትራንስሌት አደረገው» አለች። «ሁሉም ፔጅ ኖቲንግ ኒው ይላል። ሽፋኑ ላይ ግን ካራቢኜሪ ይላል። ጉግል አደረግሁት።» ዓይኗ ቀልቷል። «አያቴ ባድ ጋይ ነበር?»

«እኔንጃ ሩትዬ።»

«እኔ ኮሌጅ የገባሁት በእሱ ኤሴይ ነው፣ ዩ ኖው? አያቴ ፍሪደም ፋይተር ነበር ብዬ ነው የጻፍኩት። አባዬ አነበበው። ምንም አላለም። መነጽሩን ብቻ...» በጣቷ የመጥረግ ምልክት አሳየችኝ።

እንደ ልጅ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ተነሥቼ እንዳላቅፋት እጄን ጭኔ ሥር ደበቅሁት። ከዚያ አባቷ የነገሩኝን ሁሉ፣ ደሴን፣ የሴት አያቷን ቃል፣ የአባቷን ጥርጥር፣ አራተኛውን በር ነገርኳት። የአስቴርን ስም ግን አልጠራሁም፤ አንድ ሰው አልኩ። ሁለቱንም አደራ ነገርኳት።

«እውነት ጻፊ» አለች። «ባት ፕሊስ፣ አታዋርጂው።»

ያን የሕይወት ታሪክ ስንት ጊዜ ጽፌ እንደቀደድኩ አልናገርም። አቶ ደምሴ አርበኛ የሚለውን እንዳወጣሁ ሰምተው ደወሉ፤ «እህቴ፣ የሞተ ሰው አባት ምን ያደርግልሻል? አርበኛ ብትይው ማን ይከስሻል?» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም ለአንድ ሰዓት ያህል አሳምነውኝ ነበር።

ቀብሩ ላይ እንድንቆም የተፈቀደልን ጥቂት ሰዎች ነን፤ የቀረው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በስልክ ይሰማል። ነፋሱ ከሎን ማውንቴን ተራራ በኩል አሸዋ እያመጣ ይመታናል። አስቴር ከእኔ ጋር ነው የመጣችው፤ ሞት ሲመጣ ቂም አይያዝም ብላ። ተራዬ ሲደርስ ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። የተወለዱበትን አነበብኩ። ከዚያ ሁለተኛው መስመር ላይ ደረስኩ።

«አባታቸው ቡሉክባሽ ገብሩ በጣልያን ጊዜ ዘብጥያ ነበሩ» አልኩ። አቶ ደምሴ ሳል ያዛቸው። «በሚጠብቁት መንገድ ላይ ማንን እንደያዙ፣ ማንንስ እንዳሳለፉ ልጃቸው ዕድሜ ልካቸውን ፈልገው አላገኙም። ጋሽ ተስፉ ግን የበር ጠባቂ ሳሉ አንድ ሰው አሳልፈዋል።»

ከመኪናዎቹ የአንዱም በር አልተከፈተም። ሩት ምን ያህሉ እንደገባት አላውቅም። ደብተሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ እኔም የቀረውን አነበብኩ።

ስንመለስ አስቴር አጠገቤ ተቀምጣለች። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም «እኔን አንድ ወር ፀሐይ ላይ ያቆሙኝ ሰውዬ» አለች። ድምፅዋ ግን የጠብ አልነበረም። «መቅዲ፣ ማንን ነው ያሳለፉት?»

ዞሬ አየኋት። የምታውቅ መሰለኝ፤ ደግሞ የማታውቅ መሰለኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«እኔንጃ አስቱ፣ እኔ አላየሁም» አልኳትና የፀሐይ መነጽሬን አውልቄ በነጠላዬ ጫፍ እጠርግ ጀመር።